ጽኑ መስመርና የተቆራረጠ መስመር

የጂኦሎጂ ተማሪ በዓባይ በረሃ
ጎተራ ላይ ለሙያ ማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



ጎተራ ስሙን ያገኘው ከእህል ማከማቻነት መሆኑ የታወቀ ነው። ዛሬ ግን በዚህ ሥፍራ ለሚያልፍ ሰው ከእህሉ ቀድሞ የሚታየው ኮንክሪት ነው። በ2001 ዓ.ም. ለተሽከርካሪ ክፍት የሆነው ማሳለጫ መንገድም ሆነ በዙሪያው የቆሙት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች የዚሁ የኮንክሪት ዘመን ሥራዎች ናቸው። ኮንክሪት ደግሞ ነገሩ ሲመረመር ድንጋይ ነው፤ ተፈጭቶ፣ ተቃጥሎ፣ ውሃ ጠጥቶ እንደገና ድንጋይ የሆነ ድንጋይ። አንድ ቶን ክሊንከር፣ ማለትም ከምድጃ የወጣና ገና ያልተፈጨ ሲሚንቶ፣ ለማግኘት አንድ ቶን ተኩል ያህል የኖራ ድንጋይ ይፈጃል። ምድጃው 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲግል ከንጹሕ የኖራ ድንጋይ ከመቶው እጅ 44ቱ ጋዝ ሆኖ ይሄዳል፤ የሚቀረው 56ቱ ነው።

ይሁን እንጂ የዚህ ንግግር ርእስ ሲሚንቶው አይደለም። ሲሚንቶው ገና ገደል ሳለ፣ ፋብሪካም ሆነ ፈቃድ ሳይኖር፣ በእግሩ ሄዶ ያየው ሰው ነው። ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ሃያ ሁለት ወይም ሃያ ሦስት ዓመት የሆነው የጂኦሎጂ ተማሪ ነው። ደመወዝ የለውም፤ ያለው መዶሻ፣ ኮምፓስ፣ አጉሊ መነጽር፣ አንዲት ጠርሙስ የተበረዘ አሲድና ለዲግሪው ማሟያ የሚያስረክበው አንድ ካርታ ነው። በዚህ ካርታ ላይ የሚያሰምራቸው መስመሮች ሁለት ዐይነት ናቸው። ቆሞ ያየውን የአለት ወሰን በጽኑ መስመር፣ ያላየውንና በግምት ያስቀመጠውን በተቆራረጠ መስመር ያሰምራል። ነገሩ ለሰሚው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ቦታው ለማዕድን ቁፋሮ የታሰበ ሲሆን በእነዚህ ሁለት መስመሮች መካከል ያለው ልዩነት የገንዘብ፣ የመሬትና የውሃ ልዩነት ሆኖ ይገኛል።

ጎተራ ላይ ቆሞ የመሠረት አለትን ማየት አይቻልም ለማለት ይቀላል። ጥቁሩ መረሬ አፈር፣ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተደለደለው ሙሌትና አስፋልቱ ሸፍነውታል። ከሥር ያለው የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው፤ ጥቁር ድንጋይና በራሱ ግለት ተጣብቆ የጠነከረ የእሳተ ገሞራ አመድ። እሱም የሚታየው ለሕንፃ መሠረት ጉድጓድ ሲቆፈር ወይም ወንዝ ዳርቻውን ሲበላ ነው። የኖራ ድንጋይ ግን በከተማው ውስጥ የለም። በ1976 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሙገር ፋብሪካ፣ በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የደርባ፣ በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የለሚ፣ ሦስቱም ዓባይና ገባሮቹ ደጋውን ቆርሰው ያወጡትን የኖራ ድንጋይ ተከትለው የሄዱ ናቸው። ስለዚህ ተማሪውም ወደዚያው ይሄዳል። ይህን ድንጋይ ከላይ እስከ ታች በአንድ ቁልቁለት ለማየት ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ካለው የዓባይ በረሃ የተሻለ ሥፍራ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ጎሐ ጽዮን ከአዲስ አበባ 185 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደጋው ጫፍ ላይ ትገኛለች። ከእርሷ ጀምሮ መንገዱ ወደ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርድና በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በጳጉሜን 2000 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ 303 ሜትር የሚረዝመውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግሮ እንደገና ወደ ደጀን ይወጣል። መንገደኛው ይህን ሁሉ የሚያውቀው በመኪናው ፍሬንና በሙቀቱ ነው። ተማሪው ግን ዘመን ወደ ኋላ እየቆጠረ ይወርዳል። ከላይ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ጥቁር ድንጋይ አለ። ከእርሱ በታች የላይኛው አሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎም ወደ 400 ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ያለው፣ ባሕር በነበረበት ጊዜ የተነጠፈው የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ከኖራው ሥር የጂፕሰም፣ የዶሎማይትና የጭቃ ድንጋይ ንብርብር አለ፤ ይህም ከኖራው ባልተናነሰ ይወፍራል። ከወንዙ አጠገብ ቀዩ የታችኛው አሸዋ ድንጋይ ይቆማል።

እነዚህ ስሞች ራሳቸው የእግር ጉዞ ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1868 ከናፒየር ጦር ጋር የመጣው እንግሊዛዊው ጂኦሎጂስት ዊልያም ብላንፎርድ ከቀይ ባሕር ጠረፍ ተነሥቶ እስከ መቅደላ ሲጓዝ ያያቸውን አለቶች መዝግቦ እ.ኤ.አ. በ1870 በመጽሐፍ አወጣ። የዐዲግራት አሸዋ ድንጋይና የእንጣሎ ኖራ ድንጋይ የሚባሉት ስሞች ከእርሱ የተገኙ ናቸው። ሥራው በአብዛኛው ጦሩ በሄደበት መንገድ ግራና ቀኝ የታየ ሥራ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1981፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ጌታነህ አሰፋ ጂፕሰም ያለበትን ንብርብር ለይተው የጎሐ ጽዮን ፎርሜሽን በማለት ሰየሙት። ብላንፎርድ እዚህ አልደረሰምና ይህን ንብርብር ለይቶ መጻፍ ለአገሩ ሰው የቀረ ሥራ ነበር።

የመላው ኢትዮጵያ የጂኦሎጂ ካርታ እ.ኤ.አ. በ1973፣ ሁለተኛው እትም ደግሞ በ1996 ታትሟል፤ ስኬሉ 1:2,000,000 ነው። በዚህ ካርታ ላይ አንድ ሚሊሜትር በመሬት ላይ 2 ኪሎ ሜትር ነው። ግማሽ ሚሊሜትር የሚወፍር መስመር አንድ ኪሎ ሜትር መሬት ይሸፍናል። ስለዚህ አንድ ሙሉ የድንጋይ ካባ ከነመኪናው ከመስመሩ ሥር ተደብቆ ሊቀር ይችላል። ይህ የካርታው ጉድለት አይደለም፤ ካርታው የተሠራው አገር ለማሳየት እንጂ ካባ ለመክፈት አልነበረም። ተማሪው በ1:25,000 ሲሠራ አንድ ሚሊሜትር 25 ሜትር ይሆናል። በዚህ ጊዜ ነው ወሰኑ ከዛፉ በላይ ነው ወይስ በታች የሚለው ጥያቄ ትርጉም የሚያገኘው። በአገሪቱ ብዙ ቦታ በዚህ ስኬል መሬቱን ያየ ሰው ቢኖር ተማሪ ብቻ ነው ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም።

የሥራው ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ሳትበረታ ነው፤ በዓባይ በረሃ ከአምስት ሰዓት በኋላ ድንጋዩ ራሱ ይፋጃል። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው፣ የአካባቢውን ሰው መንገድ መሪ አድርገው ይወርዳሉ። በእያንዳንዱ የምልከታ ነጥብ ቁጥር ይሰጣሉ፤ ቦታውን በካርታው ላይ ምልክት ያደርጋሉ፤ ድንጋዩን ሰብረው ትኩሱን ገጽ በመነጽር ያያሉ፤ ንብርብሩ ወደ የት እንደሚያዘነብልና ስንት ዲግሪ እንደሆነ በኮምፓሱ ይለካሉ፤ ይጽፋሉ። የእጅ ስልክ ከሳተላይት ጋር ተገናኝቶ ቦታን ማሳየት ከጀመረ ወዲህ ቦታን መሳት ቀርቷል ማለት ይቻላል። ስልኩ የማይናገረው ግን የቆሙበት ድንጋይ ምን እንደሆነ ነው። የተበላሸ የድንጋይ ገጽ ሁሉ ግራጫ ነው፤ ኖራውም፣ ዶሎማይቱም፣ አንዳንዴም አሸዋ ድንጋዩ። መዶሻ ያልነካውን ድንጋይ ስም መስጠት የጀማሪ ጥፋት ነው ይባላል፤ እውነቱን ለመናገር የአዋቂም ነው።

አሲዱ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ኖራ ላይ ጠብ ሲል ወዲያው ይፈላል። ዶሎማይት ላይ ሲሆን ዝም ይላል፤ ድንጋዩ ተፍቆ ዱቄቱ ላይ ሲንጠባጠብ ብቻ ቀስ ብሎ ያንሾካሹካል። ልዩነቱ የትምህርት ቤት ጨዋታ አይደለም። ንጹሕ ዶሎማይት ከመቶ 22 ያህሉ ማግኒዥያ ነው። በሲሚንቶ ውስጥ ማግኒዥያ ሲበዛ በምድጃው ውስጥ እንደ ደረቀ ይቆይና ኮንክሪቱ ከጠነከረ ከዓመታት በኋላ ውሃ እየሳበ ያብጣል፤ ሲያብጥም ኮንክሪቱን ይሰነጥቃል። በዚህ ምክንያት የብዙ አገሮች ደረጃ በክሊንከር ውስጥ ከ5 በመቶ እንዳያልፍ ይወስናል። እንግዲህ የኖራው ግርጌና የጎሐ ጽዮን ፎርሜሽን ራስ በሚገናኙበት ቦታ አንድ ተማሪ አሲዱን ለመቆጠብ ወይም ለመድከም ሲል የአምስት ሜትር ንብርብር በስሕተት ወደ ኖራ ቢደምር፣ ስሕተቱ ወደ ፋብሪካው ቤተ ሙከራ ሳይደርስ መያዙ አይቀርም ተብሎ ይታመናል። ይያዛልም። ነገር ግን የሚያዘው ካባው ከተከፈተ፣ መንገድ ከተሠራና ገበሬው ከተነሣ በኋላ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና እንምጣ። በዓባይ በረሃ ንብርብሮቹ ከሞላ ጎደል አግድም የተነጠፉ ናቸው። አግድም የተነጠፈ ንብርብር ወሰኑ በካርታ ላይ ከከፍታ መስመሩ ጋር አብሮ ይሄዳል። ይህን ሕግ ተማሪው ገና ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ያውቀዋል፤ ማወቁም መልካም ነው። ችግሩ፣ ሕጉን ያወቀ ሰው መውረድ ሳያስፈልገው ካርታውን በክፍሉ ተቀምጦ መሙላት መቻሉ ነው። አንድ ቦታ ላይ ወሰኑን ካገኘ በኋላ እርሳሱን በከፍታ መስመሩ ላይ አስቀምጦ ሸለቆውን ሁሉ መዞር ይችላል። ውጤቱ ያማረ ካርታ ነው፤ እንዲያውም በእግር ከተሠራው ይልቅ የጠራ ይሆናል። ሳተላይት ከላይ ያነሣው ምስልም ይህንኑ ፈተና አብዝቶታል፤ ገደሉ እንደ ጽሑፍ መስመር ተደርድሮ ይታያልና።

ዳሩ ግን ሸለቆው ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም። ዓባይ ሲቆርስ የኖረው ጠንካራውን ንብርብር ከላይ፣ ለስላሳውን የጭቃ ድንጋይና ጂፕሰም ከሥር አድርጎ ነው። ክረምት ሲገባ ለስላሳው ይረጥባል፤ ከላይ ያለው ክብደቱን መያዝ ያቅተዋል፤ ገደሉ ተገምሶ ይንሸራተታል። የጎሐ ጽዮን - ደጀን መንገድ በተደጋጋሚ የሚሰነጠቀውና የሚሰምጠው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ የጃፓን የትብብር ድርጅትም ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ መንሸራተቱን ለመከላከል በዚያው ሥፍራ ጥናት አካሂዷል። መንሸራተቱ የዛሬ ብቻ አይደለም። ከብዙ ዘመን በፊት የወረዱ፣ እንደ ኮረብታ የሚተልቁ የኖራና የጥቁር ድንጋይ ክምሮች በቁልቁለቱ ላይ ተቀምጠዋል። ዛፍ በቅሎባቸዋል፤ ማሳ ታርሶባቸዋል፤ አንዳንዶቹ ንብርብራቸው እንኳ ሳይፈርስ እንዳለ ወርደዋል።

ለተማሪው የመሠረት አለት የሚለው ቃል ትርጉም የሚያገኘው በዚህ ነው። የመሠረት አለት ማለት ትልቅ አለት ማለት አይደለም፤ ከተፈጠረበት ያልተነቃነቀ አለት ማለት ነው። ቤት የሚያህል ቋጥኝ ተንሸራቶ የወረደ ሊሆን ይችላል፤ በእርሻ ዳር ብቅ ያለ አንድ ክንድ ድንጋይ ደግሞ ከተራራው ሥር ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለመለየት የሚረዱ ምልክቶች አሉ። የወረደው ንብርብር ብዙ ጊዜ ወደ ተራራው አዘንብሎ ይገኛል፤ ከጎኑ ካለው ድንጋይ ጋር አቅጣጫው አይገጥምም፤ ከሥሩ ሸክላና የተፈጨ ድንጋይ ይታያል፤ ከበላዩ የግማሽ ክብ ቅርጽ ያለው ገደል ይቀራል። እነዚህን ለማየት ግን ዙሪያውን መሄድ ግድ ነው። ከፊት ለፊት ብቻ የታየ ክምር ሁልጊዜ የመሠረት አለት መስሎ ይታያል።

ስሕተቱ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በቁጥር ማየት ይቻላል። ለምሳሌ ያህል አንድ ኪሎ ሜትር የሚረዝምና ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ የኖራ እርከን በካርታ ላይ ተቀምጦ ውፍረቱ 40 ሜትር ነው ቢባል፣ 20 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። በአንድ ሜትር ኩብ 2.6 ቶን ሲታሰብ 52 ሚሊዮን ቶን ማለት ነው። በዓመት አንድ ሚሊዮን ቶን ክሊንከር የሚያመርት ፋብሪካን ለ35 ዓመት ያህል ይመግባል። ይኸው እርከን የተንሸራተተ ክምር ሆኖ የኖራው እውነተኛ ውፍረት 8 ሜትር ቢሆን ግን የሚገኘው 10.4 ሚሊዮን ቶን ነው፤ እሱም ሸክላ የተቀላቀለበት። ለሰባት ዓመት እንኳ ሙሉ አይበቃም። ባንክ ለሰባት ዓመት ድንጋይ ፋብሪካ አይሠራም። በሁለቱ ካርታዎች መካከል ያለው ልዩነት በቀለም አይታይም፤ ሁለቱም ላይ ሰማያዊው ቀለም እኩል ተቀብቷል። የሚታየው በዙሪያው ባለው መስመር ብቻ ነው፤ ጽኑ ነው ወይስ የተቆራረጠ።

በገደልና በገደል መካከል ያሉት እርከኖች ባዶ አይደሉም። ማሽላና ጤፍ የሚዘራባቸው፣ ፍየል የሚሰማራባቸው ናቸው። መዶሻ ይዞ የሚሄድ ልጅ ሲታይ የሚነሣው ጥያቄም በየሸለቆው አንድ ነው።

«ልጆች፣ ምን አገኛችሁ? ወርቅ ነው እንዴ?»

«አይደለም አባባ። ድንጋዩን ለትምህርት እያየነው ነው።»

«ድንጋዩንማ እኛም ስናየው ኖርን። ድንጋዩን አይተው ሲያበቁ ምን ሊያደርጉት ነው የሚለውን ንገሩን እንጂ።»

ለዚህ ጥያቄ ተማሪው የተሟላ መልስ የለውም። ፈቃድ የሚሰጠው እርሱ አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት ማዕድን የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት በመሆኑ ፈቃድ የሚመጣው ከመንግሥት ነው። ካርታው ለማን እንደሚደርስም አያውቅም። ነገር ግን ምንም አያገባኝም ብሎ የማለፍ መብት አለው ማለት ያስቸግራል። የሰውየውን ደጃፍ ረግጦ፣ ውሃውን ጠጥቶ፣ የልጁን መንገድ መሪነት ተቀብሎ ነው ካርታውን የሚሠራው። በትክክል ምን እንደሚያደርግ፣ ከየትኛው ትምህርት ቤት እንደመጣ፣ ቦታው ለቁፋሮ የታሰበ መሆኑን ከሰማም እንደሰማ መናገር ይችላል። የወረዳውንና የቀበሌውን ደብዳቤ ኪስ ውስጥ ይዞ ከመደበቅ አውጥቶ ማንበብ ይሻላል። ብዙ ተማሪዎች ይህን ያደርጋሉ። የማያደርጉትም አሉ፤ ገበሬውም በሚቀጥለው ዓመት ለሚመጡት የሚሰጠው ምላሽ በዚሁ ይወሰናል።

ተማሪው ለገበሬው ሊያደርግለት የሚችለው አንድ የማይናቅ ነገር ምንጮችን መመዝገብ ነው። ውሃ በጥቁር ድንጋዩ፣ በአሸዋ ድንጋዩና በኖራው ስንጥቆች ውስጥ ወደ ታች ይሰርጋል፤ የጭቃ ድንጋይ ሲያጋጥመው ማለፍ ያቅተውና በጎን ይወጣል። ስለዚህ ምንጭና የአለት ወሰን ጎረቤታሞች ናቸው። ወሰኑን የሚፈልግ ተማሪ የሴቶቹን የእንስራ መንገድ ቢከተል ብዙ ጊዜ ያገኘዋል፤ በአንድ በኩል የሚፈልገውን ያገኛል፣ በሌላ በኩል የሚፈለግበትን ይሠራል። ምንጩ በየትኛው ከፍታ እንደሚወጣ፣ በበጋ ይደርቅ እንደሆነ፣ ስንት ቤት እንደሚቀዳው ጠይቆ በትንሽ ሰማያዊ ክብ ምልክት ያደርግበታል። አዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ እንዲደረግ ያዛል። ግምገማው የሚጀምረው ቀድሞ ከነበረው ነው። ከካባው በላይ ያለው እርከን ተቆርጦ ምንጩ ቢጠፋ፣ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ያልሰፈረ ምንጭ እንደነበረ የሚያስረዳ ምስክር አይኖረውም። የመንደሩ ቃል ብቻ ይቀራል፤ የመንደር ቃል ደግሞ በቴክኒክ ሰነድ ፊት ምን ያህል እንደሚመዝን በዚህ አዳራሽ ያለ ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል።

ካርታው ከተጠናቀቀ በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው። ለፈተና ይቀርባል፤ ማርክ ይሰጠዋል፤ ከጽሑፉ ጋር ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ብዙው እዚያው አቧራ ሲጠጣ ይኖራል። ቦታው ለቁፋሮ ሲፈለግ ግን በዚያ ስኬል የተሠራ ሌላ ካርታ ስለሌለ ይሄው ይወጣል፤ ይገለበጣል። ሲገለበጥም አንድ ነገር ይደርስበታል። ገልባጩ ጂኦሎጂስት ላይሆን ይችላል። በኮምፒዩተር ሲስለው የተቆራረጠውን መስመር ለመልክ ሲል ይቀጥለዋል፤ ወይም ቀለም ሲሞላ መስመሩ ካልተዘጋ ቀለሙ አልሞላ ስለሚለው ይዘጋዋል። ሁለተኛው ገልባጭ ከመጀመሪያው ገልባጭ ይወስዳል። በሦስተኛው ሰነድ ላይ ግምት የነበረው ነገር የታየ ነገር ሆኖ ይቀርባል። ማንም አልዋሸም፤ ነገር ግን ውሸት ተሠርቷል።

በሌላው ዓለም ይህን ለመግታት ሥርዓት ተበጅቷል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣችው ደንብ የማዕድን ሀብት የተገመተ፣ የተጠቆመና የተለካ ተብሎ በሦስት ይከፈላል፤ ቁጥሩን የሚፈርምበት ብቃት ያለው ባለሙያም በስሙ ይጠየቃል። የካናዳው ብሬ-ኤክስ ኩባንያ በኢንዶኔዥያ ቡሳንግ በተባለ ሥፍራ አገኘሁት ያለው ወርቅ ናሙናው ላይ የተነሰነሰ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲጋለጥ፣ ካናዳም ይበልጥ የጠበቀ ደንብ አወጣች። የተማሪ ካርታ በእነዚህ ደረጃዎች ከመጀመሪያው ደረጃ እንኳ በታች ነው። ጉድጓድ አልተቆፈረበትም፤ ናሙናው በጣት የሚቆጠር ነው። ከእርሱ ቶን ማስላት አይገባም። ይህ ግን በካርታው ላይ ካልተጻፈ በቀር ማን ያውቃል? ከላይ የቀረበውን ዐይነት ስሌት በመቁጠሪያ ማሽን ለመሥራት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ስለዚህ አንዳንድ አስተማሪዎች ለተማሪዎቻቸው የሚሰጡት ትእዛዝ ተገቢ ነው። ከዋናው ካርታ ጋር ሌላ አንድ ወረቀት ይያያዛል፤ በእርሱ ላይ ቀለም የለም፤ ያለው ተማሪው በእርግጥ የቆመባቸው ነጥቦችና የሄደባቸው መንገዶች ብቻ ነው። ይህን ወረቀት ከካርታው ላይ ደርቦ የሚያይ ሰው ምን ያህሉ እንደታየ ወዲያው ይገባዋል። ወረቀቱ ለተማሪው አያስደስትም። ባዶው ይበዛል። በተለይ የጉዞው ቀን ሲያጥር፣ በጀት ሲቀነስ ወይም የጸጥታው ሁኔታ መንገዱን ሲዘጋ ባዶው እየሰፋ ይሄዳል፤ እነዚህም ባለፉት ዓመታት ያልተለመዱ ነገሮች አይደሉም። ባዶ ወረቀት ያቀረበ ተማሪ ማርኩ እንደሚቀነስ ቢሰማው አይፈረድበትም። ማርክ ሰጪው በባዶው ላይ ሳይሆን በተሞላው እውነተኛነት ላይ ማርክ መስጠት ካልጀመረ በቀር ተማሪው ለምን ባዶውን ያሳያል?

የመጨረሻው ምሽት በየዓመቱ ይመሳሰላል። ደጀን ወይም ጎሐ ጽዮን በተከራዩት ክፍል ሁለቱ ጓደኛሞች ካርታውን አልጋ ላይ ዘርግተው በእርሳስ የነበረውን በቀለም ያጸናሉ። የኖራው ግርጌ ወሰን ከአንድ ጅረት እስከ ሌላው ድረስ አራት መቶ ሜትር ያህል አልተገኘም። ማሳ ነው፤ ከማሳው በላይ ክምር ድንጋይ አለ፤ ሙቀቱ በርትቶባቸው ያን ቀን ተመልሰዋል። አንደኛው የከፍታ መስመሩን ተከትለን እንቀጥለው ይላል፤ በዚህ በኩልም በዚያ በኩልም በአንድ ከፍታ ላይ ነውና። ሌላኛው ክምሩ የወረደ ቢሆንስ ይላል። መኪናው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይነሣል፤ ተመልሶ ማየት የለም። ብዙ ይከራከራሉ። በመጨረሻ ብዕሩን ያነሣው ተማሪ መስመሩን ቆራርጦ ያሰምረዋል፤ በማስታወሻው ደብተርም ከነጥብ 41 እስከ ነጥብ 42 ወሰኑ አልታየም፣ በመካከሉ ያለው ክምር ከቦታው የተነቃነቀ መሆን አለመሆኑ አልተረጋገጠም ብሎ ይጽፍና ከሥሩ ሁለቱም ይፈርማሉ።